ከፊት፣ በቀኝ በኩል

ነሐሴ 18

ይድረስ ለወንድሜ ለቀለሜው፣

«ክቡር የትምህርት ሚኒስትር» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አፍንጫውን የጠረግሁለትን ልጅ ክቡር ለማለት ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ደህና ነህ ወይ? ሐኪሟ ባለቤትህስ? ድንቢጥስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። ለምን አትደውዪም ላልከው፣ ስደውል ስልክህን የምታነሳው ልጅ «ስለ ምን ጉዳይ ነው?» ትለኛለች። ስለ ወንድሜ ጉዳይ ነው ስላት ቀጠሮ ልትይዝልኝ ትፈልጋለች። በደብዳቤ ይሻለናል።

ንግግሬን ሰምተሻል ወይ ብለሃል። እንዴት አልሰማም? በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሬዲዮኗን መስኮት ላይ አስቀምጠን፣ አሥራ አንድ ሰው ተጠጋግተን ነው የሰማንህ። «የእኔም ልጅ ከመስከረም ጀምሮ የምትማረው እናንተ ልጆቻችሁን በምትልኩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው» ስትል የሬዲዮኗን ድምፅ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ የስፖርት መምህሩ «እስቲ እናያለን» አለ። እኔ ደግሞ «ወንድሜ ያለውን ያደርጋል» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ስለዚህ እንዳታሳፍረኝ።

ምክር ለጠየቅኸኝ ግን ደረቴን ሳልነፋ ልመልስልህ። ሐኪሟ ለምን ተከፋች ትላለህ፤ እናት ናት እኮ። ድንቢጥ በአራት ዓመቷ ከያዛት ሕመም የተረፈላት ግራ ጆሮዋ ብቻ ነው። እስካሁን የተማረችበት የግል ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ሃያ ልጅ ነው የሚይዘው፤ መምህሮቿ ስሟን ብቻ ሳይሆን ጆሮዋንም ያውቁታል። የእኔ አንደኛ ክፍል ሰባ ስድስት ነው። በሰባ ስድስት ልጅ ጫጫታ መሀል ሁለቱም ጆሮው ደህና የሆነ ልጅ እንኳን አይሰማም። አታድርገው ማለቴ አይደለም። ከፊት፣ በቀኝ በኩል፣ ግድግዳው ሥር ያስቀምጧት፤ ያኔ ደህናው ጆሮዋ ወደ መምህሩ ይሆናል። ይህንንም ለዳይሬክተሩ ራስህ ንገረው፣ ሰው አትላክበት።

እዚህ አንድ የሒሳብ መምህር አለን፤ ጠመኔ ከእጁ ስለማይለቅ ልጆቹ «ነጭ እጅ» ይሉታል። እናቱ መስማት የተሳናት ስለነበረች ፊቱን ሳያዞር አንድ ቃል አይናገርም። ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ይዞራል፣ ልጆቹን ያያል፣ ከዚያ ይናገራል። ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። ድንቢጥ እንዲህ ያለ መምህር ባገኘች እያልኩ ተመኘሁ። መመኘት አይከለከልም መቼም።

ልጄን በግራ ጆሮዋ እወድሻለሁ በላት።

ታላቅህ


መስከረም 9

እትዬ፣

ሳልመልስልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ስብሰባ መሀል ነው፤ እንደ ድሮው ከጠረጴዛ ሥር አነበብኩት። አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እዚህ መሥሪያ ቤት ወረቀት እጄ ከገባ ኅዳጉ ላይ አንድ ነገር ሳልጽፍበት መልቀቅ አቅቶኛል፣ ያውም በአረንጓዴ ቀለም፣ እሱ የሚኒስትር ቀለም ነው አሉኝ። ነጭ እጅ ያልሽው ዘንድ ስደርስ ከልማዴ «መልካም ሐሳብ ነው» ብዬ ጽፌበት ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ተነሥቶ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ መዝገብ ቤት አስፈልጌ ነው ያገኘሁት። ቁጥር ሰጥተውታል። በይ ሳቂብኝ።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ ሐኪሟን እንዴት አሳመንካት ላልሽው፣ አላሳመንኳትም። «ንግግሩ ያንተ ነው፣ ጆሮው ግን የልጄ ነው» አለችኝ። ለአንድ ዓመት ብቻ እንሞክረው ብዬ ለመንኳት። እሺ ያለችውም የድሮው ትምህርት ቤት የድንቢጥን ቦታ እስከ ጥር መጨረሻ እንዲይዝላት ካስደረገች በኋላ ነው። ይህን ለሬዲዮ አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩን ራሴ ሄጄ አናግሬዋለሁ። ከፊት፣ በቀኝ በኩል አልኩት፤ ማስታወሻው ላይ ጽፎ «ምንም አያስቡ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም። የመጀመሪያ ቀን ውሎዋን ጠይቀሻል። ጠዋት እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር የገባችው፣ ከሰዓት ግን ዩኒፎርሟ ኪስ ስላለው ተደስታ ተመለሰች። «ክፍላችን ቀለም ቀለም ይሸታል» አለችን። እናቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ለአዲስ ዓመት ቀብተውት ይሆናል አልኩ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ወንድሜ፣

ሁለት ደብዳቤህ ተከታትሎ ደርሶኝ ዝም በማለቴ ይቅር በለኝ። አልታመምኩም። ማንም አላስቀየመኝም። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይዣለሁ።

ድንቢጥ ጽፋልኛለች፣ አራት ገጽ። «አክስቴ፣ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሒሳብም እሰማለሁ» ትላለች። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ሦስተኛውን ገጽ ደግሜ አነበብኩትና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ደብዳቤዋን ትራሴ ሥር ነው ያስቀመጥኩት።

ነጭ እጅ እንዴት ነው ብለሃል። ደህና ነው። ደህና መሆኑን ሰምቻለሁ። የስፖርት መምህሩ አሁንም እስቲ እናያለን ይላል ወይ ላልከው፣ አሁን ምንም አይልም።

በክፍሏ ስንት ልጆች እንዳሉ ብትጽፍልኝ። ለማወቅ ያህል ነው።

ታላቅህ


ኅዳር 5

እትዬ፣

ሃያ አራት ናቸው። እኔም ገርሞኝ ዳይሬክተሩን ጠይቄው ነበር፤ «ዘንድሮ ምዝገባው ቀነሰ» አለኝ። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ጋዜጠኞች መጥተው ፎቶ አንሥተዋቸዋል፤ ከፊት፣ በቀኝ በኩል ያለችው፣ አፏን ከፍታ መምህሩን የምታየው የኛዋ ናት። ጋዜጣውን ልኬልሻለሁ፣ ለስፖርት መምህሩ አሳዪልኝ።

ድንቢጥ ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠየቅ እጇን አወጣች። የሒሳብ መምህሯ ሰሌዳው ጋ ጠርቷት ክፍልፋይ ሠራች። እራት ላይ ደግማ በናፕኪን ላይ ሠርታ አሳየችን፤ ሐኪሟ ናፕኪኑን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አየኋት። እትዬ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባልደረቦቼ ምን እንዳሉ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ሁለቱን ልጆቹን ባሕር ማዶ የሚያስተምረው ጓደኛዬ «አንተ ሰውዬ አስፈጀኸን» ይለኛል እየሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም። በታኅሣሥ ለምክር ቤቱ ረቂቅ አቀርባለሁ፤ በሕዝብ ድምፅ ወንበር የያዘ ሁሉ ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲያስገባ። ይቻላል፣ እኔ አይቼዋለሁ እላቸዋለሁ።

አንቺ ግን ምን ሆነሻል? ደብዳቤሽ አጠረ። ድሮ ስለ ጉልበትሽ ብቻ አንድ ገጽ ትጽፊ ነበር።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ከዳር እስከ ዳር የሞላሁት ወረቀት ቸግሮኝ አይደለም። የምትጽፍበት ቦታ እንዳታገኝ ነው።

ምን ሆነሻል ብለህ ጠይቀኸኛል፤ እውነቱን ልንገርህ። መስከረም 19 ቀን ለነጭ እጅ የዝውውር ወረቀት መጣለት። «በተሰጠው የበላይ መመሪያ መሠረት» ይላል፣ በሦስት ቀን ውስጥ አንተ ባለህበት ከተማ ሥራ እንዲጀምር። ዕድገት መስሎን አጨበጨብንለት። የሻንጣው ዚፕ ስለተበላሸ በገመድ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ የድንቢጥ ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «አዲሱ የሒሳብ መምህራችን ሁልጊዜ ወደ እኛ ዞረው ነው የሚያወሩት፣ እጃቸው ደግሞ ነጭ ነው» ይላል። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ ያልኩህ እዚያ ላይ ነው።

ተንኮል የሠራ ሰው የለም። እኔ ተመኘሁ፣ አንተ «መልካም ሐሳብ ነው» ብለህ ጻፍክ፣ መሥሪያ ቤትህ ፈጸመ።

እዚህ ያለ ሒሳብ መምህር የቀሩት የስምንተኛ ክፍል ልጆች መቶ አርባ ሁለት ናቸው። ሰኔ ላይ ፈተና አለባቸው። ተተኪ አልተላከም። ክፍሉ ባዶ ከሚውል ብዬ እኔ ገባሁ፣ አንደኛ ክፍልን መደመር የማስተምር ሴትዮ። ጠዋት ከመምጣቴ በፊት መጽሐፉን አጠናለሁ፣ ልጆቹ ፊት ስቆም ይጠፋብኛል። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ደግ ልጅ እጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብላ፣ «መምህርት፣ ይሄ ነገር እርስዎም አልገባዎትም አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «አይዞዎት» ብላኝ ተመለሰች።

ሃያ አራት ናቸው ስትለኝ፣ የቀሩት የት ሄዱ ብለህ አልጠየቅህም? ይህን ነገር እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ ደህና ደህናውን ዴስክ ከየክፍሉ ለቅመን አንድ ክፍል እናስገባለን፣ የበዛውን ልጅ ሌላ ክፍል እንወስዳለን። እንግዳው ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔም ስሸከም ኖሬያለሁ። አንተ ግን ጎብኝተህ አልሄድክም፤ ልጅህን ይዘህ መጣህ። ስለዚህ የተሸከሙት ሁሉ ሳይመለስ ቀረ። ልጅህን የግል ትምህርት ቤት ነው ያስገባሃት፣ የመንግሥት ግቢ ውስጥ።

እያወቅሽ ስድስት ሳምንት ለምን ዝም አልሽ ትለኛለህ። ስለምወዳት ነው። «ሁሉንም እሰማለሁ» የሚለውን እያነበብኩ፣ ነገ እጽፍለታለሁ እያልኩ፣ መቶ አርባ ሁለቱን በየቀኑ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እሷን መረጥኩ። አፍሬያለሁ። ምን እንደምትሠራ አልነግርህም፣ እኔም አላውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ድንቢጥን ጠይቃችኋታል?

እህትህ


ታኅሣሥ 18

እትዬ፣

ተቀይሞኛል ብለሽ እንዳታስቢ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጀምሬ የቀደድኩት ስድስት ደብዳቤ አለ። ይህ ሰባተኛው ነው፣ ምንም ቢመስል እልከዋለሁ።

የጽሕፈት ቤት ኃላፊዬን አስጠርቼ ነጭ እጅን ማን አመጣው አልኩት። ፋይሉን ይዞልኝ መጣ። የደብዳቤሽ ፎቶ ኮፒ፣ ዳሩ ተበስቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት። የእኔ ጽሕፈት፣ ከሥሩ የእሱ፣ «በክቡር ሚኒስትሩ መመሪያ መሠረት ይፈጸም»፣ ከዚያ አራት ሰው ፈርሞበታል። ልጮህበት ተነሥቼ ነበር። ከእኔ በፊት ስድስት ሚኒስትር ያገለገለ ትልቅ ሰው ነው፤ «ክቡርነትዎ የማይፈልጉትን ነገር ይጽፋሉ እንዴ?» አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። መልሼ ተቀመጥኩ።

መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ፣ ሳልናገር፣ በእግሬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የድንቢጥ ክፍል አምስተኛ ሀ ነው። አጠገቡ ያለውን አምስተኛ ለን በመስኮት አየሁት። ዘጠና ሦስት ልጅ፤ ለሁለት በተሠራ ዴስክ አራት አራት፣ የቀሩት መሬት ላይ። ግድግዳው ላይ አዲስ ቀለም የለም። ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆሜያለሁ፣ ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ወደ ፊት እያየ ለመስማት ይጥር ነበር። ምዝገባው ቀነሰ ሲሉኝ ያመንኩት ማመን ፈልጌ ነው፣ እትዬ። የአስተማሪ ወንድም ነኝ፣ መቁጠር እችላለሁ።

አሁን ሦስቱ የአምስተኛ ክፍሎች እኩል ሆነዋል፣ ስልሳ ዘጠኝ ስልሳ ዘጠኝ። ነጭ እጅ ሰኞ ይሳፈራል። ልነግረው ስጠራው ቀድሞኝ «መቼ ነው የምመለሰው?» አለኝ። ሌሎቹን መምህራን እንዴት እንደመደቧቸው ገና እያየሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት በላክሽው አጭር ወረቀት፣ ጋዜጣ ላይ ያነበብሽው እውነት ነው ወይ ብለሻል። አብዛኛው እውነት ነው። ረቂቁን አነሣሁት፣ ለምን እንዳነሣሁትም ምክር ቤቱ ፊት ተናገርኩ፤ ልጄን በስም ብቻ የመንግሥት የሆነ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ሌላውን ላስገድድ ነበር አልኩ። ግማሹ ሳቀ። ልጆቹን ባሕር ማዶ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ግን አልሳቀም፤ ወጥተን መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ልጆቹ ይናፍቁታል መሰለኝ።

የቤታችን ነገር ይከፋል። ሐኪሟ አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የድሮው ትምህርት ቤት ቅጽ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ነው። በእሷ በኩል ተፈርሟል፣ የእኔ ይቀራል። ብፈርም ቃሌን አጠፍኩ። ባልፈርም የልጄን ጆሮ ለቃሌ ሰጠሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቅጹን እያየን እንበላለን።

ድንቢጥን ጠይቃችኋታል ወይ ላልሽው፣ አልጠየቅናትም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ምን ብለን እንጠይቃታለን?

ወንድምሽ


ጥር 2

ወንድሜ፣

ነጭ እጅ ገባ። ሻንጣው ዛሬም በገመድ ነው፣ የእኔው ቋጠሮ። ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ሲታይ ልጆቹ ሁሉ ብድግ አሉ። እኔ ጠመኔውን አስረክቤ ልወጣ ስል ያች ደግ ልጅ «መምህርት፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ» ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከኋላ ተቀምጬ ተማርኩ። ሁለት ወር ያስቸገረኝ ነገር በሃያ ደቂቃ ገባኝ፤ ምን ያህል እንዳናደደኝ አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ምን ብለን እንጠይቃታለን ብለሃል። እኔን ያልጠየቁኝን ጠይቃት።

ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ወድጄ እንደሆነ ነው ሁልጊዜ የምታወራው። በሬዲዮም «እህቴ ለእኔ ብላ ትምህርቷን ተወች» ስትል ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ሰዎቹ አጠገቤ ነበሩ። አልተውኩም ወንድሜ። አንድ ጠዋት ስነሣ ቦርሳዬ አንተ ትከሻ ላይ ነበር። አባባ «አንቺ ትልቅ ነሽ» አለኝ፣ በቃ። ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር ይሆናል። ትንሽ ነበርክ፣ ጎበዝ ነበርክ፣ እወድህ ነበር። ግን እሺታው የራሴ ይሆን ነበር። ካደግሁ በኋላ ተመልሼ ተምሬ መምህርት ሆኛለሁ፣ ቂም የለኝም። ይችን ልጅ ግን ጠይቋት።

ቅጹን ብትፈርም አልፈርድብህም። ሐኪሟም አልተሳሳተችም፣ ይህን ንገርልኝ። ልጅን ደህና ቦታ ማስቀመጥ ነውር አይደለም። ለሬዲዮ ብለህ ልጅህን እንዳትጎዳት፣ ለልጅህ ብለህም ሬዲዮ ላይ እንዳትዋሽ። ከዚህ ሌላ የምመክርህ የለኝም።

ይህ ደብዳቤ በቀኝ በኩል ሰፊ ኅዳግ እንዳለው አይተሃል። ላንተ አይደለም፤ ብዕርህን ወደዚያ። ሁለታችሁም ከክፍሉ ወጥታችሁ ለድንቢጥ እርሳስ ስጧት፣ የምትለውን ትጻፍበት። ከዚያ ዋናውን መልስልኝ። ፎቶ ኮፒ አልፈልግም።

ታላቅህ


ጥር 16

እትዬ፣

እንዳዘዝሽኝ ደብዳቤሽን መልሼልሻለሁ። ኅዳጉን አልነካሁትም።

ስለ ቦርሳው የጻፍሽው እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ክዳኑ ውስጥ ስምሽ በእርሳስ ተጽፎ ነበር። ላጲስ ተውሼ አጠፋሁትና የራሴን ጻፍኩ። የሰባት ዓመት ልጅ ብሆንም ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቅ ነበር። ይቅር በዪኝ።

ሐኪሟ ድንቢጥ የጻፈችውን ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው። ቅጹን አልቀደደችም፤ አጥፋ ከናፕኪኑ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። አርብ ዕለት ደግሞ የጆሮ ሐኪም የሆነች ጓደኛዋን ይዛ አምስተኛ ሀ ገባች፤ ከዚያም አምስተኛ ለ። የልጆቹን ጆሮ መርምረው ያገኙትን ራሷ ትጽፍልሻለች። ብዙ ነው።

ወንድምሽ


(በጥር 2ቱ ደብዳቤ ቀኝ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ)

አክስቴ፣

አባባ «የት መማር ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። መጀመሪያ ፈተና መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የድሮው ይሻላል። መጸዳጃ ቤቱ በር አለው። ሁሉም ነገር ይሰማል። እዚህ ነጭ እጅ ከሄዱ በኋላ ብዙ አልሰማም፣ አዲሷ መምህርት ወደ ሰሌዳው ዞረው ነው የሚያወሩት።

ግን ልጆቹ ሲመለሱ አንዲት ልጅ መጣች፣ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው። ሰነፍ ናት ይሏታል። ሰነፍ አይደለችም፣ አትሰማም። እኔ አውቃለሁ፣ እንደ እኔ አፍ ነው የምታየው። ለዳይሬክተሩ የነገረላት ሰው ስለሌለ ነው ከኋላ የሆነችው። እኔ ዴስክ ላይ አመጣኋት፣ አሁን ሦስት ነን፣ ትንሽ ይጠባል።

መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ሲያወሩ እጄን አወጣለሁ። «ምንድን ነው?» ብለው ይዞራሉ። «እባክዎ ይድገሙት» እላለሁ። ሰኞ ሰባት ጊዜ አወጣሁ፣ ተቆጡኝ። ዛሬ ሳላወጣ ሁለት ጊዜ ዞሩ።

እሷ እጇን ለማውጣት ትፈራለች። እኔ ከሄድኩ የሚያወጣላት የለም። ስለዚህ እዚሁ ልሁን በይልኝ።